ፍሪ ጃዝ በሸክላ፦ ከመርፌው እስከ መደርደሪያው

«ይሄ ጩኸት የሙዚቃው ነው ወይስ የመርፌው?» ፍሪ ጃዝን፣ ማለትም ሙዚቀኞቹ አስቀድሞ ከተወሰነ ኮርድና ቅርጽ ወጥተው በነጻነት የሚጫወቱትን ጃዝ፣ በሸክላ መስማት የጀመረ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ይህን ይጠይቀኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ልግዛ?» ነው። የሁለቱንም መልስ እዚህ በአንድ ላይ አስቀምጫለሁ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በሌላ ሙዚቃ መርፌ ሲበላሽ ወዲያው ያስታውቃል። የዘፋኙ «ሰ» ያፏጫል፣ ፒያኖው ይሰነጠቃል። አልበርት አይለር ቴነር ሳክስፎኑን እስኪያጓራ ድረስ ሲነፋው ግን የተሰነጠቀው ድምፅ ከሰውየው ይምጣ ከማጫወቻው መለየት ይከብዳል። በተበላሸ መርፌ የሚሰማ ሰው ብልሽቱን ሰምቶ ሙዚቃውን ይጠላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። መጀመሪያ ማጫወቻው ይስተካከል፣ ግዢው ይቀጥል፣ መስማቱ ከዚያ ይመጣል።

ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመርፌው ጫና የሚስተካከልበት የሸክላ ማጫወቻ። ከክንዱ ጀርባ የሚሽከረከር ክብደት ከሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሻንጣ የሚመስሉት ርካሽ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ይህ የላቸውም።
- ኤሊፕቲካል (ጫፉ ሞላላ የሆነ) መርፌ ያለው ካርትሪጅ፤ ካርትሪጅ ክንዱ ጫፍ ላይ መርፌውን የሚይዘው ክፍል ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ወይም ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ ለጀማሪ ይበቃል።
- ፎኖ ፕሪአምፕ (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ለአምፕሊፋየሩ የሚያጎላ)፣ ማጫወቻው ወይም አምፕሊፋየሩ ውስጥ ከሌለ።
- የባላንስ ማዞሪያ ያለው አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር። ባላንሱ ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 8 ላይ ታያላችሁ።
- የመርፌ ጫና የሚለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን እና የካርትሪጅ ማስተካከያ ፕሮትራክተር። ፕሮትራክተሩን ከኢንተርኔት አውርዶ ማተም ይቻላል፤ ስታትሙት መጠኑ እንዳይቀየር ተጠንቀቁ።
- የካርቦን ፋይበር ብሩሽ፣ ሁለት የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ዲስቲልድ ውሃ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል።
- የፕላስቲክ የውስጥ ከረጢቶች።
- መብራት። የስልካችሁ ባትሪ ይበቃል።

1. ኤሌክትሪኩንና ፍጥነቱን አረጋግጡ

ይህ በተለይ አሜሪካ ካለ ዘመድ ማጫወቻ ለሚያስመጣ ሰው ነው። እዚያ ኤሌክትሪኩ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ብዙ የድሮ ማጫወቻዎች ደግሞ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከኸርዙ ነው። እንዲህ ያለውን ማጫወቻ አዲስ አበባ ላይ ስትሰኩት፣ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ 28 ጊዜ ገደማ ብቻ ይዞራል። ድምፁም ሦስት ሴሚቶን ያህል ይወርዳል። አልቶ ሳክስፎኑ ቴነር መስሎ ይሰማችኋል። ሙዚቃውን ቀድማችሁ ስለማታውቁት «እንዲህ ነው የሚጫወቱት» ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

አስማሚው ላይ 100–240 ቮልት የሚል ከተጻፈና ማጫወቻው የሚሠራው በዲሲ ሞተር ከሆነ ችግር የለም። በማንኛውም ሁኔታ ግን ቁጠሩ። ሸክላው መሃል ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉና በ3 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ተመልከቱ። ልክ 100 መሆን አለበት። 83 ከሆነ ኸርዙ ነው።

2. ማጫወቻውን ብቻውን አስቀምጡ

ጠረጴዛው ውሃ ልክ ይሁን። ስፒከሮቹ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡ። የስፒከሩ ንዝረት በጠረጴዛው አልፎ ወደ መርፌው ይመለሳል፤ ቤዙም ይድበሰበሳል። ፍሪ ጃዝ ውስጥ ከበሮውና ቤዙ አንድ ላይ ሲነሱ ያ ድብስብስ መሣሪያዎቹን ሁሉ ይውጣቸዋል።

3. መርፌውን አስተካክሉ

ከሁሉም ደረጃ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው።

አንቲ ስኬቱን (ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርጉ። የኋላውን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ ሳይወርድም ሳይነሳም አየር ላይ እንዲንሳፈፍ አድርጉ። ቁጥሩን ዜሮ ላይ አስይዙ፣ ከዚያ ካርትሪጁ ወደሚፈልገው ጫና አዙሩ። ቪኤም95ኢ 2 ግራም ይፈልጋል፤ ከ1.8 እስከ 2.2 ይፈቀዳል። 2ኤም ሬድ 1.8 ግራም ነው። በዲጂታል ሚዛኑ አረጋግጡ፣ ክንዱ ላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ አይታመንም። በመጨረሻ አንቲ ስኬቱን ከጫናው ቁጥር ጋር እኩል አድርጉ።

ከዚያ ፕሮትራክተሩን አስቀምጡና መርፌው ነጥቦቹ ላይ ሲያርፍ ካርትሪጁ ከመስመሮቹ ጋር ትይዩ መሆኑን እዩ። ካልሆነ ሁለቱን ብሎኖች ላላ አድርጋችሁ አስተካክሉ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ሸክላ የሚዞረው በአንድ ፍጥነት ነው፤ ቀለበቱ ግን ወደ መሃል ሲሄድ ይጠባል። ጠርዙ ላይ በሰከንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ በመርፌው ሥር ያልፋል። መጨረሻው አካባቢ ይህ ወደ 21 ይወርዳል። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨምቆ ይቀመጣል ማለት ነው። የፍሪ ጃዝ ሸክላ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ገጹ 20 ደቂቃ ያህል አንድ ቁራጭ ነው፤ ሙዚቃው የሚግለውም ወደ መጨረሻው ነው። ጥበቱና ግለቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። መርፌው ትንሽ ከተጣመመ እዚያ ላይ ሲምባሉ እንደ አሸዋ ይንሻሻል፣ ሳክስፎኑ ይሻክራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሸክላው እንዳይጎዳ ብላችሁ ጫናውን ከተፈቀደው በታች አታውርዱ። የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ ይዘላል፣ ሲዘል ግድግዳውን ይመታል። ከመጠን ያነሰ ጫና ትንሽ ከበዛው ይልቅ ሸክላ ይጎዳል።

4. ሽቦዎቹን ስኩ

ቀይ ቀኝ ነው፣ ነጭ ግራ። ቀጭኗን የግራውንድ ሽቦ አትርሱ፤ እሷ ካልታሰረች የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ይመጣል። ማጫወቻው ውስጥ ፕሪአምፕ ካለና አምፕሊፋየሩም «ፎኖ» የሚል መግቢያ ካለው አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ሁለቱ ከተደራረቡ ድምፁ ይፈነዳል፣ ያንንም ፍሪ ጃዝ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ።

5. በምታውቁት ሸክላ ፈትኑ

ፍሪ ጃዝ ከማስቀመጣችሁ በፊት በቃላችሁ የምታውቁትን፣ ድምፃዊ ያለበትን ንጹህ ሸክላ አጫውቱ። የመጨረሻውን ዘፈን ስሙ። የድምፃዊው «ሰ» እና «ሽ» የመጀመሪያው ዘፈን ላይ እንዳለው ጥርት ብሎ ከመጣ መርፌያችሁ ደህና ነው። ከዚህ በኋላ አይለር ሲጮህ የሚጮኸው አይለር መሆኑን እርግጠኛ ናችሁ።

6. የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ምረጡ

በዳግም ኅትመት ጀምሩ። ኦሪጅናሎቹ ውድ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከጅምሩ ጥቂት ነበሩ። የፔተር ብሮትዝማን «ማሽን ገን» በ1968 ራሱ ሲያሳትመው 300 ቅጂ ብቻ ነበር። ያንን ማሳደድ የጀማሪ ሥራ አይደለም።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

የኦርኔት ኮልማን «ዘ ሼፕ ኦፍ ጃዝ ቱ ከም»፣ 1959፣ አሳታሚው አትላንቲክ። ዜማው ግልጽ ነው፣ ፒያኖ የለም፣ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ማን ምን እንደሚያደርግ ለመከታተል ይቀላል።

የኤሪክ ዶልፊ «አውት ቱ ላንች»፣ 1964፣ ብሉ ኖት። በፒያኖ ፈንታ የቦቢ ሃቸርሰን ቫይብራፎን አለ። በድምፆቹ መሃል ብዙ ክፍት ቦታ ስላለው መርፌያችሁንም ጆሯችሁንም በአንድ ጊዜ ትፈትኑበታላችሁ።

የፋራኦ ሳንደርስ «ካርማ»፣ 1969፣ ኢምፐልስ። ዋናው ቁራጭ 32 ደቂቃ ያህል ሆኖ በሁለቱ ገጾች ተከፍሏል። በሳክስፎን መግቢያ ይከፈታል፣ የሚያዜም ቤዝ ይከተላል፣ ወደ ጩኸት ይወጣል፣ ይመለሳል። ጩኸቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ሸክላ አላውቅም።

ከዚያ የአይለር «ስፒሪችዋል ዩኒቲ»፣ በ1964 የተቀዳ፣ ኢኤስፒ ዲስክ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሦስት ሰዎች ናቸው፦ አይለር፣ ቤዝ ላይ ጌሪ ፒኮክ፣ ድራም ላይ ሰኒ መሪ። የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ በቴነር ሳክስፎን ሰምቶ ያደገ ጆሮ እዚህ ጋ እንግድነት አይሰማውም። ሁለቱ የተነሱበት ሥር የተለያየ ነው፤ የትንፋሹ ጉልበትና የድምፁ መርገፍገፍ ግን ይቀራረባል። ጌታቸው በ2006 አምስተርዳም ካለው ዘ ኤክስ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን አሳትሟል፤ ከአይለር በፊት እሱን ማዳመጥ መንገዱን ያቀናል።

የኮልማን «ፍሪ ጃዝ» እና የጆን ኮልትሬን «አሴንሽን» ከዚህ በኋላ ይምጡ። «ማሽን ገን» የመጨረሻው ይሁን።

7. ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ

ያገለገለ ሸክላ በእጃችሁ ከሆነ ከከረጢቱ አውጡትና የስልክ መብራት በሰያፍ አብሩበት። ቀጫጭን የላይ ጭረቶች ብዙም አይሰሙም። በጥፍራችሁ ስትዳብሱት የሚይዛችሁ ጭረት ግን ይሰማል፣ ሊያዘልልም ይችላል። ዋናው መታየት ያለበት ሌላ ነው። ሙዚቃው የሚግልበት ቦታ፣ በተለይ ወደ መሃሉ፣ ከጥቁር ይልቅ ግራጫ ካደረገው ቦዩ በከባድ መርፌ ተበልቷል። ያንን የትኛውም አጠባ አይመልሰውም። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ የእያንዳንዱን ገጽ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ አስጫውቱት።

በኢንተርኔት ስትገዙ ደረጃው በፊደል ይጻፋል። «ኤንኤም» (NM) አዲስ ያህል ነው፣ «ቪጂ ፕላስ» (VG+) ጥሩ ነው፣ «ቪጂ» (VG) የሚንጣጣ ድምፅ አለው። «ጂ» (G) ጉድ ቢባልም ጥሩ ማለት አይደለም፣ አትግዙት። ብዙ ሰው «ፍሪ ጃዝ ስለሚጮህ የተጫረም ይሆናል» ይላል። ለ«ማሽን ገን» እውነት ነው፣ ቪጂ ይበቃል። ግን ብዙ የፍሪ ጃዝ ሸክላ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ይበዛል። የአርት ኤንሴምብል ኦፍ ቺካጎ «ፒፕል ኢን ሶሮው» በ1969 ሲቀዳ በለሆሳስ ደወልና በሩቅ ድምፅ ነው የሚጀምረው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ መንጣጣት ይሰማል። ለእንዲህ ያለው ከቪጂ ፕላስ በታች አትውረዱ።

አሁን ሙዚቃው አልቆ እስከ መሃሉ ወረቀት ድረስ ያለውን ባዶ ቀለበት እዩ። የተጫረ ወይም የታተመ ጽሑፍ አለበት። የሸክላው መታወቂያ እሱ ነው፤ ሽፋን ሊቀያየር ይችላል፣ ይህ አይቀየርም። «አውት ቱ ላንች» ኦሪጅናል ነው ከተባላችሁ «ቫን ጌልደር» የሚል የቀረጸው ባለሙያ ስም ማኅተምና ጆሮ የሚመስል ትንሽ ምልክት ፈልጉ። ምልክቱ ብሉ ኖት እስከ 1966 ሸክላዎቹን ያሳትምበት የነበረው የፕላስቲላይት ፋብሪካ ነው።

«አሴንሽን» ላይ ደግሞ ይህ ቀለበት የምትሰሙትን ሙዚቃ ራሱን ይለያል። ሰኔ 28 ቀን 1965 አሥራ አንዱ ሙዚቀኞች ሥራውን ሁለት ጊዜ ተጫውተውታል። መጀመሪያ የወጣው ሸክላ አንዱን ቅጂ ይዞ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሽፋኑ ሳይቀየር ውስጡ ያለው ቅጂ በሌላው ተተካ። በኋላ የወጣው ባዶ ቀለበቱ ላይ «ኤዲሽን 2» የሚል በላቲን ፊደልና በሮማ ቁጥር ተጭሮበታል። ጆሮም ይለየዋል፤ በመጀመሪያው ቅጂ ወደ መጨረሻው ኤልቪን ጆንስ ብቻውን ድራም ይመታል፣ በሁለተኛው ይህ የለም። ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ሻጩን የዚያን ቀለበት ፎቶ ጠይቁት፣ ዲስኮግስ በተባለው የሸክላ መረጃ ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።

8. እጠቡ፣ ከዚያ ስሙ

አዲስም ቢሆን ይታጠብ፤ ከማተሚያው የተረፈ ብናኝና ቅባት ይኖረዋል። ሦስት እጅ ዲስቲልድ ውሃ፣ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል ቀላቅሉ። የመሃሉን ወረቀት ሳታርሱ በማይክሮፋይበር ጨርቅ በዙሪያው አቅጣጫ አብሱ። በሌላ ጨርቅ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ አድርጋችሁ ድገሙት። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚቀረው ነጭ ማዕድን ቦዩ ውስጥ ይቀመጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ በደቂቃ 78 የሚዞሩትን የጥንት ሸክላዎች በአልኮል አትንኩ። ከሌላ ነገር ነው የተሠሩት፣ አልኮል ያሟሟቸዋል።

አሁን መስማት። በኮልማን «ፍሪ ጃዝ» ላሳያችሁ። ስቴሪዮውን ግዙ፤ ሞኖው ለዚህ አይሆንም። ታኅሣሥ 21 ቀን 1960 ሲቀዳ ስቱዲዮው ውስጥ ሁለት ኳርቴቶች (አራት አራት ሰው ያላቸው ቡድኖች) ነበሩ። በግራ ስፒከር ኮልማን፣ ዶን ቼሪ፣ ስኮት ላፋሮ እና ቢሊ ሂጊንስ ይሰማሉ። በቀኝ ኤሪክ ዶልፊ፣ ፍሬዲ ሃባርድ፣ ቻርሊ ሄደን እና ኤድ ብላክዌል።

ሀ. የመጀመሪያውን ሶሎ ጠብቁ። የዶልፊ ቤዝ ክላሪኔት ነው፣ ወፍራምና የሚንተባተብ ድምፅ። ከቀኝ መምጣት አለበት። ከግራ ከመጣ ቀዩንና ነጩን ሽቦ አቀያይራችኋል፤ ደረጃ 4 ላይ ተመለሱ።

ለ. ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዙሩና ገጹን ስሙ። ግርግር የመሰላችሁ ነገር አራት ሰዎች ሆኖ ይቀራል። ቤዙንና ድራሙን ብቻ ያዙ። ምቱ እንዳልጠፋ፣ ሂጊንስ ሲምባሉን ያለማቋረጥ እየነዳው እንደሆነ ትሰማላችሁ።

ሐ. ያንኑ ገጽ ወደ ቀኝ አዙራችሁ ድገሙት።

መ. ባላንሱን መሃል መልሱ። አሁን ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርስ እንደሚደማመጡ፣ አንዱ ሶሎ ሲጫወት ሌሎቹ ከኋላ በአጭሩ እየገቡ እንደሚቀበሉት ይገባችኋል። ልክ አዝማሪ ቤት ከታዳሚው የሚወረወረውን ግጥም አዝማሪው ተቀብሎ እንደሚያስኬደው ነው።

«አሴንሽን»ን በዚህ መንገድ መክፈል አይቻልም፤ ሌላ መያዣ አለው። ሁሉም አብረው ይጮኻሉ፣ አንዱ ሶሎ ይወጣል፣ እንደገና ሁሉም ይመለሳሉ። ኮልትሬን ይጀምራል፣ ዲዊ ጆንሰን፣ ፋራኦ ሳንደርስ፣ ፍሬዲ ሃባርድ ይከተላሉ። የጋራው ጩኸት በመጣ ቁጥር «በር» ብላችሁ ቁጠሩት። ከየትኛው በር ማን እንደወጣ በወረቀት መያዝ ይረዳል።

በ«ስፒሪችዋል ዩኒቲ» ደግሞ «ጎስትስ» ሁለት ጊዜ አለ፤ አንዱ መክፈቻው፣ ሌላው መዝጊያው ላይ። ዜማው የልጆች መዝሙር ይመስላል። እስክታንጎራጉሩት ድረስ መነሻውን ደጋግማችሁ ስሙ። ዜማውን ከያዛችሁት አይለር ሲሰነጣጥቀው ምን እየሰነጠቀ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የድምፁን መጠን ለስለስ ባለው መግቢያ አትወስኑ። መርፌውን ወደ መሃል ገደማ አስቀምጡ፣ በጣም የጋለውን ቦታ ፈልጉ፣ እዚያ ላይ ለጆሯችሁም ለጎረቤትም በሚመች ልክ አስተካክሉና ከመጀመሪያው ጀምሩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለምትኖሩ ይህ ግዴታ ነው። በአንድ ቀን አንድ ሸክላ ይበቃል። ጆሮ ሲደክም ሁሉም አንድ ዓይነት ጩኸት ይሆናል።

9. አስቀምጡና አጓጉዙ

በቁማቸው ደርድሩ፣ አታጋድሟቸው፣ አታነባብሯቸው። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ጋ አይሁኑ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ በአንድ ከሰዓት ይጣመማል፤ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙት።

ከውጭ በሚመጣ ሰው የምትልኩ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ሽፋኑን ጨምሮ አሥር ሸክላ ሦስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሸክላውን ከነውስጥ ከረጢቱ ከሽፋኑ አውጡትና ከጀርባው አድርጋችሁ በአንድ የውጭ ፕላስቲክ ክተቱት። ውስጥ ከተተወ በጉዞ ሲንቀሳቀስ የሽፋኑን ጠርዝ ይቀድደዋል፣ የተቀደደ ሽፋን ደግሞ ዋጋውን ይጥለዋል።

የተለመዱ ስህተቶች

ሸክላ ሲዘል ካርትሪጁ ላይ ሳንቲም መጫን። መዝለሉ ይቆም ይሆናል፤ መርፌው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦዩን እየፋቀ ነው። መጀመሪያ ሸክላውን እጠቡ፣ ቀጥሎ ጫናውን ለኩ።

«180 ግራም» የሚለውን የጥራት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ። ወፍራም ሸክላ ብዙም አይጣመም፣ ያ ብቻ ነው። ድምፁን የሚወስነው ከየትኛው ቴፕ እንደተቀረጸ ነው። አንዳንድ ርካሽ ኅትመቶች የሚገለበጡት ከሲዲ ነው። ሽፋኑ ላይ ማን እንደቀረጸውና ከምን እንደቀረጸው የማይገልጽ ዳግም ኅትመት ሲገጥማችሁ ስለዚያ ኅትመት ገዥዎች ያሉትን አንብቡ።

ገጹን በመሃል ማቋረጥ። የእነዚህ ቁራጮች መልክ የሚታየው በሙሉ ርዝመታቸው ነው። «ካርማ» ላይ ግን ገጹን ለመገልበጥ ከመነሳታችሁ በፊት ሙዚቃው ራሱ እስኪያልቅ ጠብቁ። ቁራጩ ለሁለት የተቆረጠው አንድ ገጽ ስላልበቃው ነው፤ ቶሎ ገልብጣችሁ ቀጥሉ።

መርፌ ሳይቀይሩ ዓመታትን መቁጠር። ኤሊፕቲካል መርፌ እንደ ዓይነቱ ከ300 እስከ 1000 ሰዓት ነው የሚያገለግለው፤ የአምራቹን መመሪያ እዩ። የተጫወታችሁትን ሰዓት ማጫወቻው ሥር ባለ ወረቀት ላይ መዝግቡ። ደረጃ 5 ላይ የፈተናችሁበትን ሸክላ በየጥቂት ወሩ አውጡና የመጨረሻውን ዘፈን ስሙ። «ሰ» ማፏጨት ከጀመረ፣ የሚቀጥለውን ሸክላ ከመግዛታችሁ በፊት መርፌ ግዙ።